በሰማያዊዎቹ መሀል አንዲት ቢጫ

ዶና ሉዶቪና እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው አየኝ አላየኝ አይሉም። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቁጭ ይሉና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብሰብ፣ ካልሲያቸውን ወደ ታች ሸብለል አድርገው ያበጠ እግራቸውን ይዘረጋሉ።

«ዶክተርዬ፣ እስቲ ነይ እይልኝ። ዛሬ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቷል።»

ኢዳሊና ትንበረከክና በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ታያለች። ሌላ ምን ታድርግ? ከዚያም ሁልጊዜ የምትለውን ትላለች።

«ዶና ሉዶቪና፣ ይሄ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።»

«ምነው አንቺ ልጅ! ደጄ ላይ ዶክተር እያለችልኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ልሰለፍ?»

«እኔ እኮ ገና ተማሪ ነኝ።»

«የኛዋ ዶክተርስ ሰውን ወደ ሌላ ዶክተር መላክ ነው የተማረችው!» ይሉና ይስቃሉ፤ ደረጃው ላይ የቆመው ሁሉ አብሮ ይስቃል። ኢዳሊናም ትስቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ሳቋ ከጥርሷ አያልፍም። ኢዳሊና ዶክተር ልትሆን አይደለም። የሕክምና ፋኩልቲን ለቃ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው። ይህን ደግሞ በካርቫልያል መንደር ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አባቷም አያውቅም።

ለአባቷ የምትነግርበት ጊዜ ደግሞ እያለቀ ነበር። ግንቦት ሲመጣ የሪባኑ እሑድ ይመጣል። ያን ቀን በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የሚጨርስ ሁሉ ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ ሪባን ያንጠለጠለ የቆዳ ማህደሩን ይዞ ካቴድራሉ ፊት ለቡራኬ ይቆማል። ሪባኑ እንደየፋኩልቲው ቀለሙ ይለያል። የሐኪሞቹ ቢጫ ነው፤ የሕግ ቀይ፤ የኢዳሊና ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ። የሰው አፍ ይዋሽ ይሆናል፣ ጨርቅ ግን አይዋሽም። ስለዚህ ከዚያ እሑድ በፊት ወይ እሷ ትናገራለች፣ ወይ ሪባኑ ይናገርባታል።

አባቷ አንሴልሞ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። በእኛ አካባቢ በውሃ እጦት የተቸገረ ሁሉ አንሴልሞን ይጠራል፤ ውሃው ከወጣ በኋላ ግን ከሩቅ ሰላም የሚለው ብዙ ነው። ቡና ቤት ያለው ዜፌሪኖ «ፍልፈሉ» የሚል ስም አውጥቶለት መንደሩ ሁሉ ተቀበለው። አንሴልሞ ሲሉት ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን እጁን በብሩሽ ይፈገፍጋል። ከጥፍሩ ስር ያለው ቀይ ጭቃ አይለቅም። በልጁ የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ሲመጣ «ተቋራጭ» ብለሽ ሙዪ ይላታል። ተቋራጭ ማለት ምን እንደሆነ እሱም በደንብ አያውቀውም፤ ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ሥራ እንደሚመስለው ግን ያውቃል።

ኢዳሊና በልጅነቷ ከእሱ አትለይም ነበር። ጉድጓድ አፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ጠጠር ትጥልና ጆሮዋን ትሰጣለች። «ደርሷል፣ አባባ!» ስትል አባቷ ከጎኗ ሆኖ «ምን ያህል ውሃ አለው?» ይላታል፤ በድምፁ ትገምታለች። ብዙ ጊዜ አትስትም። አንድ ቀን አስተማሪዋ ቤት ድረስ መጥታ ይህቺ ልጅ ጭንቅላት አላት አለች። አንሴልሞ በማግስቱ ልጁን ከጉድጓዱ አፍ መለሳት። «ከዛሬ ጀምሮ ጭቃ አትነኪም» አላት። ልጅቱ የተቀጣች መስሏት ቀኑን ሙሉ አለቀሰች።

የመጨረሻው ፈተና ውጤት ሲመጣ ቁጥሩ ከአውራጃው ሁሉ በላጭ ሆነ። እንግዲህ እኛ አገር ውጤት እንደ ከብት ገበያ ነው። ከፍ ያለ ሕክምና ይገባል፣ ትንሽ ዝቅ ያለ ሕግ ይገባል፣ ከዚያ ያነሰው ደግሞ «እንግዲህ ደስ ያለህን ተማር» ይባላል። ደስ ያለውን መማር ለሰነፍ የተተወ ምጽዋት ነው። ቄሱ «በዚህ ውጤት ሌላ መማር የእግዚአብሔርን ስጦታ ማባከን ነው» አሉ። አስተማሪዋም እንደዚያው አለች። ዜፌሪኖ እንኳ የማይመለከተው ሰውዬ «ሕክምና ነው እንጂ!» ብሎ ጠረጴዛ መታ። አንቺስ ምን ትወጃለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። እውነቱን ለመናገር እሷም ራሷን አልጠየቀችም። አባቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያላየችበትን የኩራት ፊት ይዞ ሲመጣ አይታ ዝም ብላ ሕክምና ገባች።

ሁለት ዓመት ታገለች። አናቶሚ ወደቀች፤ ደግማ ወደቀች። በቀበሌው ሁሉ ፈተና ወድቃ የማታውቅ ልጅ ውጤት ከተለጠፈበት ግድግዳ ፊት ቆማ ስሟን በእጇ ሸፈነችው። በዚያ ክረምት አንድ ቀን ዝናብ ሲያሳድዳት የማታውቀው አዳራሽ ውስጥ ገባች። ፕሮፌሰር ኡላሊያ የሚባሉ አጭር ሴትዮ ግድግዳው ላይ ካርታ ዘርግተው ከተራራው የሰረገ ውሃ በየት በየት ሄዶ ወንዙ ጋ እንደሚወጣ ያስተምራሉ። ዝናቡ አባራ፤ ኢዳሊና አልወጣችም።

ወደ እሳቸው ትምህርት ክፍል ልትዛወር ቢሮአቸው ስትገባ ግን ሴትዮዋ ፊት አልሰጧትም።

«ሕክምናን ጥለሽ ጂኦግራፊ? ለምን?»

«ስለምወደው ነው።»

«መውደድማ እኔም ዘፈን እወዳለሁ፤ ዘፋኝ ግን አልሆንኩም። ስትጨርሺ ሰኞ ጠዋት ተነስተሽ የማንን በር ነው የምታንኳኪው?»

ስለ በር ኢዳሊና አስባ አታውቅም። «እንግዲያው መልሱን ይዘሽ ተመለሽ» ብለው አስወጧት። ከቢሮ ቢሮ ዞረች፤ የተመረቁትን ጠየቀች፤ ማን ማንን እንደሚቀጥር አጣራች። ተመልሳ መጥታ «የማዘጋጃ ቤት የውሃ ክፍል» አለች። «ያለ ካርታ በዘፈቀደ ነው የሚያስቆፍሩት፤ ሰው ይፈልጋሉ።» ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ይኸውልሽ፣ አሁን ተማሪ ሆንሽ» አሏት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ኮርስ ስትመርጥ ያንን በር እያሰበች መረጠች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄድበትን ታውቅ ነበር። ብቻ ለአባቷ መናገር ቀረ።

ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ይባላል። በዚያው ዓመት ለገና ልትነግረው አስባ ቤት ገባች። በሩን ስትከፍት ነጭ ጋዋን ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አባቷ ከከተማ ገዝቶ፣ እናቷ ሴሌስቴ በስታርች አድርቃ ተኩሳዋለች። «ልበሺውና እንይሽ» አሏት። ለበሰችው። ከዚያ ወዲያማ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ የገናውን ለፋሲካ፣ የፋሲካውን ለበጋው ስታሻግር አራት ዓመት ሄደ። ሕክምና ስድስት ዓመት ነው፤ እሷም ሁለትና አራት ስትደምር ስድስት ሞላላት። ሰይጣን ሲያመቻች እንዲህ ነው።

በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ሥራዋን የገዛ ወረዳዋን ጉድጓዶች ካርታ አደረገችው። ያንን ደግሞ ከአንሴልሞ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ምሽት በጎመን ሾርባው ላይ ጠየቀችው።

«በውሃ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታ ጥናት አለብን፣ አባባ። የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ ይነግሩኛል?»

አንሴልሞ ማንኪያውን አስቀመጠ። የቆፈረውን ሁሉ ነገራት። የቱ ድንጋይ እንዳስቸገረው፣ የቱ ሊደረመስበት እንደነበረ፣ የቱ በበጋ እንደሚደርቅ። ዓይኑ እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም ነበር። ሾርባው ቀዘቀዘ። ሲጨርስ ግን ድንገት አንድ ነገር የታወሰው መሰለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከማን እንደሰማሽ ግን እዚያ እንዳትናገሪ። አባቷ ፍልፈል ነው ብለው ይሳለቁብሻል።»

ያን ሌሊት ኢዳሊና ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። ካርታው ተወደደ። የፔናኮቫ ማዘጋጃ ቤት፣ የገዛ ወረዳዋ፣ ከመስከረም ጀምሮ ውሃ ክፍል እንድትሠራ ቀጠራት።

ሪባን ስትገዛ ባለሱቋ «ስምንት ጥቁር ሰማያዊ፣ አንድ ቢጫ?» አለቻት። «ሁለት ፋኩልቲ ነው እንዴ የምትጨርሺው?»

«ቢጫው ለአባቴ ነው።»

ሪባኑ ላይ ወላጅና ወዳጅ መልካም ቃል ይጽፍበታል፤ ወግ ነው። ሰባቱን ሰማያዊ ለጓደኞቿና ለፕሮፌሰሯ አዞረች፤ ቢጫውን ቤት ላከች። ስምንተኛውን ሰማያዊ ባዶውን ኪሷ ውስጥ አኖረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ እነግረዋለሁ፣ ቢጫውን ተቀብዬ ይህን እሰጠዋለሁ፣ ብላ ነበር። «ያበጠው ይፈንዳ» ስትል ነው አውቶቡሱ ላይ የወጣችው።

አባቷን ቤት አጣችው። ዜፌሪኖ ጋ ነው አሏት። ከበሩ ሳትገባ ድምፃቸውን ሰማች።

«ተመልከቱልኝ! ፍልፈሉ ዶክተር ወለደ!» ይላል ዜፌሪኖ።

«ወለደ እንጂ!» አለ አንሴልሞ። «ስትታመም መጥተህ በሬ ላይ ትሰለፋለህ። ሁሉን ታድንልሃለች፤ ያንን ምላስህን ግን እግዜርም መድኃኒት አላበጀለት።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አንሴልሞ ቢጫውን ሪባን በሁለት እጁ፣ እጁን አስቀድሞ ታጥቦ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎት ቆሟል። ልጁን በሩ ላይ ሲያያት ፊቱ እስከ ጆሮው በደስታ ቀላ። «ነይ፣ ነይ አንብቢው! ሳምንቱን ሙሉ ነው የጻፍኩት፤ እናትሽ ምስክሬ ናት።»

አነበበችው። «ለልጃችን ለዶክተር ኢዳሊና። የእኛ እጅ ያልደረሰበት ያንቺ እጅ ደረሰ። አባትሽ አንሴልሞ፣ ተቋራጭ።»

ኪሷ ውስጥ ሰማያዊውን ጨብጣዋለች። አሁን ተናገሪ፣ አሁን፣ ትላለች ለራሷ። ዜፌሪኖ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ይመለከታታል። በዚህ ሰው ፊት አባቷን ልታዋርደው ነው? «በጣም ያምራል፣ አባባ» አለች። ያችን ቃል ስትናገር ራሷን ተጸየፈች። ቢጫውን ይዛ ተመለሰች፤ ሰማያዊው ባዶውን ከኪሷ ጋር ተመለሰ።

በሪባኑ እሑድ ጠዋት አብራት የምትኖረው ማፋልዳ፣ የእውነቱ የሕክምና ተመራቂ፣ ካባዋን እየለበሰች አየቻት።

«ምን ያስጨንቅሻል? ከእኛ ጋር ቁሚ። የኔን ትርፍ ሪባኖች እሰጥሻለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ማን ይለይሻል?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መስከረም ሲመጣ ታስቢበታለሽ።»

አልዋሽም፣ ነገሩን ማሻገር የኢዳሊና ልማድ ነበርና ለአፍታ አመነታች። ቆይታ ግን ሰማያዊዎቹን ማሰር ጀመረች። ቢጫዋን አልጋው ላይ ልትተዋት አሰበች፤ የአባቷ ጽሕፈት ቀና ብሎ አያት። መዋሸቱ አንሶ ቃሉን ደግሞ እንደ ቡትቶ ልትጥል? አልሆነላትም። ከሰባቱ ስር አሰረቻትና ሰማያዊዎቹን ላይዋ ላይ አለበሰቻቸው። አትታይም ብላ ነው።

አደባባዩ በቤተሰብ ተሞልቷል። ከገመዱ ወዲያ አባቷ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ እናቷ አጠገቡ፣ ዶና ሉዶቪናም በምርኩዛቸው ቆመዋል፤ «ዶክተሬን ሳላይ አልሞትም» ብለው ነው የመጡት። ኢዳሊና በጓደኞቿ ትከሻ መሀል ሆና ታያቸዋለች። አንሴልሞ አንገቱን እያሰገገ ቢጫዎቹ የቆሙበትን ይፈልጋል። አንዱን ረድፍ ይጨርስና ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ያጣታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያንን ማየት ከሁሉም ባሰባት።

ጳጳሱ «ማህደራችሁን ከፍ አድርጉ» አሉ። ሁሉም ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ እንደ ወጉም ሪባኖቹ እንዲርገበገቡ አወዛወዙ። ኢዳሊናም አወዛወዘች፤ ሌላው ሁሉ ሲያወዛውዝ እንዴት ትቁም? ሰማያዊዎቹ ተበታተኑና ከመሀላቸው ቢጫዋ ወጥታ ተንጠለጠለች። እናቷ ሴሌስቴ የባሏን እጅጌ ጎትታ ስታመለክተው አየች። አንሴልሞ ዞረ። ፀሐዩን የጋረደበት እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

ቅዳሴው አልቆ ሲገናኙ የሚሳሳም የለም። ሴሌስቴ እናት ናትና መውጫ በር ልትከፍትላት ሞከረች።

«የኔ ልጅ፣ ሰልፍ ተሳስተሽ ነው አይደል? ሰዉ በዝቶ...»

አዎ ብትል ያልፍላት ነበር። አፏ ላይ ደርሶም ነበር።

«አልተሳሳትኩም፣ እማማ። ሕክምና አልተማርኩም። ትቼዋለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ።»

መጀመሪያ የተናገሩት ዶና ሉዶቪና ናቸው። «አራት ዓመት? ታዲያ እግሬን ለማን ነበር ሳሳይ የኖርኩት?» አሉ። አልጮኹም። ጎንበስ ብለው ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ታች ሳቡ፤ ያልተገለጠውን፣ ማንም ያላየውን እግራቸውን ሸፈኑ። ኢዳሊና በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስድብ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ዶና ሉዶቪና።»

«ጤና ጣቢያ ሂጂ ብለሽኛል። ያልሄድኩት እኔ ነኝ» አሉ ሴትዮዋ ሳያዩዋት።

አንሴልሞ ወደ ልጁ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ታዲያ ምንድን ነው የተማርሽው?» አለ።

«መሬት ውስጥ ስላለው ውሃ። የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድ።»

«ጉድጓድ?»

«ጉድጓድም።»

«ያኔ ማታ የጠየቅሽኝ...»

«ለበሽታ አልነበረም። ካርታ ልሠራበት ነው። ፔናኮቫ ማዘጋጃ ቤት ውሃ ክፍል ቀጥረውኛል፤ ከመስከረም።»

አባቷ ይህን ቀስ ብሎ ዋጠው። «እንግዲህ ከእኔ ደብቀሽ የተማርሽው የእኔን ሥራ ነው» አለ። ዓይኑ እጁ ላይ አረፈ። ተፈግፍጎ የቆዳው ጫፍ ቀልቷል፤ ጥፍሩ ስር ያለው ግን አሁንም አለ። ሁለቱንም እጆቹን ኮቱ ኪስ ከተታቸው። «ይሄን ያህል የሚያሳፍር ነው?»

አይደለም፣ ልትለው ፈለገች። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፣ ልትለውም ፈለገች። ሁለቱም እውነት ነበር። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

አንሴልሞ እጁን ከኪሱ አውጥቶ የቢጫዋን ሪባን ጫፍ ያዘና ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የራሱን ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች አነበበ። የመጨረሻዋ ቃል፣ «ተቋራጭ» የምትለው ላይ ሲደርስ ጆሮው ቀላ። ዜፌሪኖ ጋ ቀልቶ እንደነበረው ግን አልነበረም።

«እዚህ ጨርቅ ላይ ሁለት ውሸት አለ» አለ። «ያንቺ አንዱ ብቻ ነው።»

ከዚያም «ባዶ የለሽም?» ብሎ ጠየቀ። ሰማያዊውን ከኪሷ አወጣችለት። ቆይቶ ስለተጨበጠ ተጨማዷል። በካቴድራሉ ግድግዳ ላይ አስደግፎ እንደ ልጅ ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ አውጥቶ ጻፈ። ብዙ አልፈጀም፤ መልካም ቃል የሚባል ነገር አልነበረበትም። «አባትሽ አንሴልሞ፣ ጉድጓድ ቆፋሪ» ይላል።

«ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣ ይሆናል» አለ። «ዛሬ የለኝም።»

ኢዳሊና ሰማያዊውን ከማህደሩ ጋር አሰረችና ቢጫውን ልትፈታ እጇን ሰደደች። አባቷ እጇን ያዘ።

«ተይው» አለ። «አብረው ይንጠልጠሉ። ስናየው ሁለታችንም እንፈር።»